አጎቴ መኪና ሲያመሰግን

በእኛ ቤተሰብ ውስጥ ያለ ምክር መኪና የገዛ ሰው የለም። የተበላሹት ሁሉ በምክር የተገዙ ናቸው። ከአጥራችን ሥር የቆመችው ሰማያዊ መኪና፣ ዶሮዎቹ የኋላ ወንበሯ ላይ እንቁላል የሚጥሉባት፣ በምክር የተገዛች ናት። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው የገዛት መኪና፣ ዛሬ የቁርጥራጭ ጨርቅ ማስቀመጫ የሆነችውም እንዲሁ። መካሪው በሁሉም ጊዜ አንድ ሰው ነው፤ የእናቴ ታላቅ ወንድም፣ ሰፈሩ በሙሉ «ሐኪሙ» እያለ የሚጠራው አጎቴ።

ሐኪም የተባለው በከንቱ አይደለም። ዕድሜውን ሙሉ የዱቄት ፋብሪካ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። መኪናዋ ናፍጣ የምትጠጣ፣ በዕድሜ ከእሱ ብዙም የማታንስ፣ ጧት ጧት ካልተለመነች የማትነሣ አሮጊት ነበረች። ከሚስቱ ይልቅ ከእሷ ጋር ብዙ ኖሯል፤ ሚስቱም ይህን ስትናገር እንደ ተበደለ ሰው ሳይሆን እንዳረፈ ሰው ነው የምትናገረው። በመኪናዋ ላይ ተምሮ የናፍጣ ሞተርን በድምፁ ብቻ የሚያውቅ ሰው ሆነ። ከመጥረጊያ እንጨት በክንዱ ልክ የቆረጠው ዘንግ አለው። አንዱን ጫፍ ሞተሩ ላይ ያሳርፋል፣ ሌላውን ጆሮው ላይ ይደግፋል፣ ዓይኑን ይጨፍናል። ቀና ሲል ሞተሩ ስንት ዘመን እንደቀረው፣ የት የት እንደሚያመው፣ የቀድሞ ባለቤቱ ዘይት መቀየር የሚወድ ሰው እንደነበርና እንዳልነበር ሳይቀር ያውቃል።

ችግሩ፣ አውቆ ዝም የሚል ሐኪም መሆኑ ነው።

አጎቴ በሰው ፊት ክፉ ነገር ከአፉ አይወጣም። ይህን ጨዋነት ይለዋል። «የሰው መኪና እንደ ሰው ልጅ ነው» ይላል፤ «ልጅሽ መልከ ጥፉ ነው ተብላ የምትደሰት እናት አይታችኋል?» ካሁን ቀደም ያየ ሰው ስለሌለ ክርክሩን ሁልጊዜ ያሸንፋል። ዝም አይነቅዝም የሚለውን ተረት ደግሞ ከዱቄት ጋር የኖረ ሰው ስለሆነ ከሁላችንም አብልጦ ያምንበታል።

ፋብሪካው ውስጥም እንደዚሁ ነበር። ባለቤቱ «መኪናዋ እንዴት ናት?» ብሎ በጠየቀው ቁጥር መልሱ «ተመስገን፣ ደህና ናት» ነበር። ፍሬኗ እየከዳ መሆኑን የሚያውቁት እሱና ፍሬኗ ብቻ ነበሩ። አንድ ቀን ይህችው ደህና የሆነች መኪና ቁልቁለቱን ወርዳ የባለቤቱን ቢሮ ግድግዳ ይዛው ገባች። ሰው አልተጎዳም። አጎቴ እስከ ቅንድቡ ዱቄት ለብሶ ከጋቢናው ወርዶ፣ ፍርስራሹን ትክ ብሎ አይቶ፣ መጀመሪያ የተናገረው ነገር «እንዴት ያለ ጥሩ ግድግዳ ነበር» የሚል ነው ይባላል።

ጡረታ ሲወጣ ሰፈሩ ለሌላ ሥራ ሾመው። አሮጌ መኪና ሊገዛ የተነሣ ሁሉ እሱን ይዞ ይሄዳል። ልብስ ሰፊውም ይዞት ሄደ። ሻጩ ወንበር አወጣለት፣ ቀዝቃዛ ውሃ በብርጭቆ አቀረበለት። የሰውን ውሃ ጠጥቶ እንዴት «ሞተርህ ዘይት ይጠጣል» ይባላል? አጎቴ ዘንጉን አሳርፎ አዳመጠ፣ ዓይኑን ገለጠ፣ «ቆንጆ ናት» አለ። «ዕድሜዋን ስታየው ደግሞ በጣም ቆንጆ ናት። ይህን የሲጋራ መተርኮሻ ተመልከተው፤ አንድም ጭረት የለበትም።» ልብስ ሰፊው ሲጋራ አያጨስም። መኪናዋን ግን ገዛት። በመሪዋ እየተነዳች ሳይሆን በገመድ እየተጎተተች ሰፈር ገባች።

የሚገርመው፣ አጎቴ እውነቱን ጨርሶ የሚቀብር ሰው አይደለም። ማታ እቤቱ፣ ማንኪያውን ይዞ፣ ለሚስቱ አንድም ሳያስቀር ይዘረዝርላታል። ያቺ መኪና አልቃለች፤ ከማርሚታዋ የሚወጣው ሰማያዊ ጭስ ዘይት ነው፤ የሚቀጥለውን ዝናብ አታይም። ሚስቱ «ታዲያ ለሰውየው ነገርከው?» ትለዋለች። «ባለቤቱ ፊት? ምን ነክቶሻል?» ይላትና ወደ ሳህኑ ይመለሳል። ስለዚህ የአጎቴ ምርመራ ተሳስቶ አያውቅም ማለት ይቻላል። የሚደርሰው ሽያጩ ካለቀ በኋላ ነው እንጂ።

እነዚህን የማታ ምርመራዎች እየሰማች ያደገች የመጨረሻ ልጅ አለችው። ዛሬ ዳቦ ጋጋሪ ናት። አንድ ምድጃና ጠባብ ክፍል ይዛ ጀምራ፣ ለሆስፒታሉና ለሰፈሩ ትምህርት ቤት ዳቦ እስከማቅረብ ደርሳለች። ዳቦው የሚሄደው በኪራይ መኪና ነበር። የኪራዩ ሾፌር ደግሞ ጧትን እንደየስሜቱ የሚተረጉም ሰው ነው፤ አንዳንድ ቀን ጧት ማለት ለእሱ ከምሳ በፊት ያለው ጊዜ በሙሉ ነው። የሆስፒታሉ ወጥ ቤት ኃላፊ፣ ቀስ ብላ የምትናገርና የተናገረችውን የማትረሳ ሴት፣ በመጨረሻ ልጅቷን ጠርታ በሽተኞች ደረቅ ሻይ እየጠጡ እንደዋሉ ነገረቻት። አንድ ጊዜ ደግማ ብትዘገይ ሌላ ጋጋሪ ይፈለጋል። ያ ሥራ ከሄደ ምድጃውም፣ አብረዋት የሚሠሩት ሁለት ሴቶችም ይሄዳሉ።

ስለዚህ ኋላዋ የተዘጋ፣ አሮጌም ብትሆን የምትነሣ፣ ናፍጣ የምትጠጣ የዕቃ መኪና መግዛት ነበረባት። ያጠራቀመችው ለአንድ መኪና ብቻ ይበቃል፤ ሁለት ጊዜ ለመሳሳት የሚሆን አቅም አልነበራትም።

አባቷን ይዛ መሄድ አልፈለገችም። ግን ሐኪሙ ቤት ውስጥ ተቀምጦ ልጁ ከሌላ ሰው ጋር መኪና ልታይ ብትሄድ ሰው ምን ይላል? ይሉኝታ በአባቷ ብቻ የቀረ በሽታ አልነበረም። ይዛው ሄደች። ከዚህ በኋላ ያለውን የሰማሁት ከራሷ ነው፤ አጎቴ የሚያወራው ሌላ ታሪክ ነው፣ እሱም በጣም ቆንጆ ነው።

ከልጅነቷ ጀምሮ ያስተማራትን ሁሉ በቃሏ ታውቀዋለች። ሰላምታ ከመስጠትሽ በፊት እጅሽን ኮፈኑ ላይ አሳርፊ፤ ትኩስ ከሆነ አሙቀው ጠብቀውሻል፤ ናፍጣ እውነቱን የሚናገረው ሲበርደው ነው። ጥቁር ጭስ ናፍጣው በቅጡ አልተቃጠለም ማለት ነው፤ ሰማያዊው ዘይት ነው፤ ነጭ ሆኖ አልጠፋም ካለ ውሃ ገብቷል ብለሽ ጠርጥሪ። ሞተሩ እየሠራ የዘይቱን ክዳን ፈትተሽ እዚያው ላዩ ላይ ተዪው፤ እንደ ድስት ክዳን ከዘለለ ቦርሳሽን አንሥተሽ ውጪ። ብዙ አልተነዳችም ካሉሽ የሻጩን ዓይን ትተሽ የፍሬኑን መርገጫ ላስቲክ እዪ፤ ላስቲክ መዋሸት አያውቅም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

ይህን ሁሉ ያስተማረ አባት የመጀመሪያዋን መኪና ሊያዩ ሲነሡ ምን አደረገ? ስልክ አንሥቶ ለሻጩ እየመጡ መሆኑን ነገረው። ሰው ቤት ሳይናገሩ ዘው ማለት ነውር ነዋ።

ሲደርሱ መኪናዋ ታጥባ ታብረቀርቃለች፤ ጎማዋ ሳይቀር ጥቁር ቀለም ተቀብቷል። ሻጩ ነጭ ሸሚዝ የለበሰ ነጋዴ ነው። ልጅቷ እጇን ኮፈኑ ላይ አሳረፈች። ከምድጃ እንደወጣ ዳቦ ይሞቃል። አባቷ እጇን አየና በሰው ፊት እንደባለገች ሁሉ አፍሮ ፊቱን ወደ አጥሩ አዞረ። ሻጩ፣ ጎረቤት መንገድ ዘጋችብኝ ብሎ አሁን ትንሽ እንዳስጠጋት ማስረዳት ጀመረ። ያስጠጋት ወደየት እንደሆነ ግን አልታወቀም፤ መኪናዋ ያለችው ግቢው መሐል ነበር።

አጎቴ ዘንጉን አውጥቶ አዳመጠ። ከዚያ ምስጋናው ጀመረ። ቀለሟ ዓይን ይስባል። ወንበሯ ይመቻል። ጥሩምባዋን አንዴ ነፋና «ስሚ እስቲ፣ እንዴት ደስ ይላል» አለ።

ልጅቷ የጠረጠረችው ያን ጊዜ ነው። ስለ ቀለሙ፣ ስለ ወንበሩ፣ ስለ ጥሩምባው ሰማች፤ ስለ ሞተሩ አንድ ቃል አልሰማችም። የልብስ ሰፊው መኪና በምን እንደተመሰገነች ትዝ አላት፤ በሲጋራ መተርኮሻ። ዶሮዎቹ የሚኖሩባት ሰማያዊዋ ደግሞ መጋረጃዋ ተደንቆላት ነበር። የሰፈሩን የመኪና ሬሳ ሁሉ አንድ በአንድ በሐሳቧ ዞረችው፤ ያልተመሰገነ አልነበረበትም።

«እናስብበት» አለችው ሻጩን። አጎቴ መንገዱን ሙሉ ልጁ በባለጌነቷ እንዴት እንዳሳፈረችው ሲያዝን ተመለሰ። ማታ ደግሞ ማንኪያውን እንደያዘ፣ የራዲያተሩ ውሃ ላይ ዘይት እንደሰፈፈ፣ እንዲህ ያለችውን መኪና ጠላቱም እንዲነዳት እንደማይመኝ ለሚስቱ ነገራት።

«አባዬ፣ እዚያው ለምን አልነገርከኝም?»

«ሰውየው አጠገቤ ቆሞ?»

«በምልክትስ?»

በምልክት ተስማሙ። መኪናዋ መጥፎ ከሆነች ኮፍያውን ያወልቃል፤ ማንም አይጠረጥርም። አጎቴ ሐሳቡን ወደደው፤ የስለላ ሥራ መሰለው።

ሁለተኛዋ መኪና የአጎቴ የድሮ የሥራ ባልደረባ ንብረት ሆና ተገኘች። ሰውየው ገና ከበሩ አቅፎ ሳመው፤ ጡረታውን፣ ጉልበቱን፣ ልጆቹን ጠየቀው። ከዚያ ኮፈኑ ተከፈተ፣ ዘንጉ ወጣ፣ አጎቴ አዳመጠ። ቀና ሲል ፊቱ አልተለወጠም። ኮፍያውን ግን በሁለት እጁ ግጥም አድርጎ ይዞ ቆመ። ነፋስ አልነበረም። ባልደረባው ካልወለቀ ኮፍያ ምን ሊረዳ እንደሚችል እግዜር ይወቀው፤ አጎቴ ግን እጁን ቢለቅቅ ኮፍያው ራሱ ዘልሎ የሚያሳብቅበት መስሎት ነበር። «መስተዋቷ ሰውን ያሳምራል» አለ በዚያው እንደቆመ። ልጅቷ ሰውየውን አመስግና ወጣች።

ሁለት ቀን አልቆየም፣ የኪራዩ ሾፌር እንደገና ዘገየ። ልጅቷ ዳቦውን በታክሲ ጭና፣ ምጽዋት እንደሚለምን ሰው ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማ ይቅርታ ጠየቀች። ኃላፊዋ አልተቆጣችም፤ ይህ ነው ያስፈራት። እስከ ሳምንቱ መጨረሻ የራስሽን መኪና ካላየሁ ሌላ እፈልጋለሁ አለቻት፣ ቀስ ብላ።

ሦስተኛዋን መኪና ያገኘችው ልብስ አጣቢ ቤት ውስጥ ነው። ግቢው ከጥግ እስከ ጥግ በእርጥብ አንሶላ ተሸፍኗል። ባለቤቷ እጅጌዋን እስከ ክርን የሰበሰበች ሴትዮ ናት። አጎቴ እንደ ልማዱ አስቀድሞ ደውሎላታል፤ እሷ ግን ረስታዋለች። ወንበር አልወጣም፣ ውሃ አልቀረበም። «ቁልፉ ይኸው፤ እኔ ሥራ አለብኝ» ብላ ወደ ማጠቢያዋ ተመለሰች።

መኪናዋ መልክ የላትም። ቀለሟ እንደ እከክ ተልጧል፣ አንድ መብራቷ ወደ ሰማይ ያያል። ልጅቷ ኮፈኑን ነካች፤ ቀዝቃዛ ነው። አጎቴ ቁልፉን ሲያዞር ሞተሩ ለአፍታ አጉረመረመ፣ ትንሽ ነጭ ጭስ ተፋ፣ ከዚያ ጠራና በአንድ ድምፅ መሥራት ጀመረ። የዘይቱን ክዳን ፈትቶ ላዩ ላይ ተወው፤ ክዳኑ ሳይነቃነቅ ተኛ። አጎቴ ዘንጉን አሳርፎ አዳመጠ። ከወትሮው ረዘም አድርጎ አዳመጠ። ቀና አለና በሩን ከፈተ።

«ይሄ በር ነው?» አለ ጮክ ብሎ። «የበግ ጩኸት የመሰለ!»

ልጅቷ የሰማችውን አላመነችም። አጎቴ ግን ገና መጀመሩ ነበር። ወንበሩ ሳሙና ሳሙና ይሸታል። ጎማው ከእሱ ራስ በላይ ተመልጧል። መስተዋቱ ተሰንጥቋል። ቀለሙን የቀባው ሰው ወይ ዕውር ነበር ወይ ተጣልቷት ነበር። በመኪናዋ ዙሪያ እየዞረ ጎማዋን በእግሩ እየነካካ፣ ከጤነኛ ዘመዱ ጋር እንደሚቀልድ ሰው ዘና ብሎ ሰደባት።

ልጅቷ እንዳለችው ነገሩ ሁሉ የተገለጠላት እዚያ እርጥብ አንሶላ መሐል ነው። በሽተኛ ሊጠይቅ የሄደ ሰው «ዛሬ አምሮብሃል፣ ተሽሎሃል» ይላል። ጤነኛውን ነው «ምን ሆነህ ነው እንዲህ የከሳኸው?» ብሎ የሚያፌዝበት። አባቷ ዕድሜውን ሙሉ በሽተኛ ሲጠይቅ ነበር የኖረው። እንዲህ የሰደባት መኪና እንግዲህ ምንኛ ጤነኛ ትሆን?

ነገር ግን ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ። ልብስ አጣቢዋ እጇን በሽርጧ እየጠረገች መጣች።

«አባት፣ መኪና ሊገዙ ነው የመጡት ወይስ ሊሰድቡ?»

አጎቴ ወዲያው ወደ ድሮው ጨዋነቱ ተመልሶ አንገቱን ደፋ። ሴትዮዋ ግን ቁልፏን ከእጁ ተቀብላ፣ ለዚህ ሰው በወርቅም ቢሆን አልሸጥም ብላ ዞረች። ልጅቷ የምድጃዋ በር ሲዘጋ ታያት። ተከትላት አንሶላዎቹ መሐል ገባች።

«እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልን። አባቴ የሚሰድበው የወደደውን ብቻ ነው።»

«ጉድ ነው! የጠላውንስ ምን ያደርገዋል?»

«ያመሰግነዋል።»

ሴትዮዋ ቆማ አየቻት፤ በሕይወቷ ብዙ ዓይነት ምክንያት ሰምታለች፣ ይህ አዲስ ሆነባት። ልጅቷ ስለ መተርኮሻው፣ ስለ መጋረጃው፣ ስለ ጥሩምባው አንድ ሳትደብቅ ነገረቻት። ሴትዮዋ አንሶላውን ገልጣ ወጣችና ከማጠቢያው ኋላ የቆመች አንዲት ትንሽ የቤት መኪና ለአጎቴ አሳየችው። የራሷ ናት። እንግዲህ ያን ያህል ካወቁ ይህችንም ይዩልኝ አለችው።

አጎቴ አዳመጠ። በጣም አጭር ጊዜ ነበር ያዳመጠው። ዘንጉን ቀስ ብሎ አነሣ፣ ኮፈኑን ሕፃን እንደሚያስተኛ ሰው በዝግታ ከደነው።

«ምን የመሰለች ናት» አለ። «መስኮቷም አሁን የተገዛ ይመስል እንዴት ይወርዳል!»

ሴትዮዋ የሳሙና ካርቶን ላይ ቁጭ ብላ እስክታነባ ሳቀች። «መካኒኬ ሞተሩ ሞቷል ነው ያለኝ» አለች። «የእርስዎ ይሻላል። ቢያንስ መስኮቱ ይወርዳል።» ቁልፉን ለልጅቷ ሰጠቻት።

ማታ አጎቴ ማንኪያውን ይዞ፣ የአጣቢዋ ሞተር ወርቅ መሆኑን፣ እንዲህ ያለውን በዚህ ዘመን ፈልጎ ማግኘት እንደማይቻል አወራ። ሚስቱ ታዲያ እዚያ ለምን ሰደብካት አለችው። ባለቤቷ ፊት ባመሰግናት ዋጋ ትጨምራለች አላት፤ ንግድ እንዲህ ነው፣ እናንተ አታውቁትም። እስከ ዛሬም ያችን መኪና ያስገዛው በብልሃቱ እንደሆነ ነው የሚያወራው።

ዳቦው ከዚያ በኋላ አልዘገየም። የወጥ ቤቱ ኃላፊ መኪናዋን መጀመሪያ ቀን ስታይ ፊቷን አጨማዳ፣ ዳቦው ግን ትኩስ መሆኑን ነክታ አረጋግጣ ገባች። አጎቴ ጧት ጧት ከልጁ ጎን ይቀመጣል። በሩን ይሰድባል፣ መብራቱን ይሰድባል፣ ልጁ እየሰማች በሰላም ትነዳለች።

ባለፈው ሰሞን ግን ዳቦውን አራግፈው ሲመለሱ አጎቴ ድንገት ዝም አለ። አንገቱን ወደ ሞተሩ ዘንበል አደረገ። ጉሮሮውን ጠረገና «ጥሩምባዋ እኮ ክፉ አይደለም» አለ።

ልጅቷ መሪውን ጠምዝዛ በቀጥታ መካኒክ ቤት ገባች። መካኒኩ ሞተሩን ከፍቶ ውስጡን የሚያሽከረክረውን የላስቲክ ቀበቶ፣ ቺንጋውን፣ አወጣ፤ በአንድ ክር ነበር የተንጠለጠለው፤ ሳትመጪ ብትቀሪ ኖሮ ሞተሩን ይዞት ይሄድ ነበር አላት። ማን ነገረሽ ብሎ ሲጠይቃት በጣቷ አባቷን አሳየችው። አጎቴ ያን ጊዜ የመካኒኩን የመሣሪያ ሣጥን ውበት እያደነቀ ነበር።

ወሬው እቤት ከገባ ወዲህ ተቸግረናል። ትናንት ማታ ሚስቱን አየት አድርጎ «ዛሬ አምሮብሻል» አላት። ሴትዮዋ ሳህኑን አስቀመጠች።

«ምን አየህብኝ?» አለችው።